ማደያ እንክፈት ወይስ ሌላ ሥራ? ነዳጅና ኃይል ላይ በትንሽ ካፒታል መግባት

የአዳማው ኤሌክትሪሺያን

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሪሲቲ ተምሬ አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ከአዳማ ወጣ ብሎ በአዋሽ መንገድ ዳር ከወላጆቻችን የወረስነው ቦታ አለን፤ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሆነን የራሳችንን ሥራ ለመጀመር እያሰብን ነው። የወንድሜ ሐሳብ ነዳጅ ማደያ ነው። «መኪና እስካለ ድረስ ነዳጅ ይሸጣል፣ ሰልፉን አታይም ወይ?» ይለኛል። የእኔ ልብ ደግሞ ወደ ሶላርና ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ያደላል። ሁለታችንም ደመወዝተኛ ነን፤ ባንክም ቦታውን ካላስያዝን አያበድረንም። ገንዘቡ አንዴ ከገባ በቀላሉ የሚወጣ አይደለም።

ዘርፉ ውስጥ ያላችሁ በእጃችሁ የነካችሁትን ንገሩን። ገንዘብ የት ላይ ይታሰራል? ደንበኛው ማን ነው? ፈቃዱ ከማን ይወጣል? «ኢነርጂ የወደፊቱ ዘርፍ ነው» የሚለውን በየስብሰባው ሰምተነዋል፤ እኛ የምንፈልገው ዝርዝሩን ነው።

ማደያ ውስጥ ያደገ

ቤተሰቤ ማደያ ስላለው ከዚያ ልጀምርልህ። ሰልፍ ነዳጅ እንዳጠረ ይነግርሃል፣ ማደያው እንዳተረፈ ግን አይነግርህም።

ነዳጅ ወደ አገር ሲያስገባ የኖረው የመንግሥቱ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው። ከጅቡቲ በቦቴ ይመጣል፣ በነዳጅ ኩባንያዎች በኩል ይከፋፈላል፣ የችርቻሮ ዋጋውን መንግሥት ያወጣል። ማደያው ከአንድ ሊትር የሚያገኘው ድርሻም በመንግሥት የተቆረጠ ነው፤ እስኪከለስ ድረስ ዋጋው ቢወጣም ቢወርድም ያው ነው። ዋጋ ሲጨምር የሚጨምርብህ ለዕቃው የምታወጣው ገንዘብ ነው። እስኪ አስሉት፦ በሰኔ 2014 አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 36 ብር ከ87 ሳንቲም ነበር። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ። 40 ሺህ ሊትር የሚጭን ቦቴ በፊተኛው ዋጋ 1.5 ሚሊዮን ብር ገደማ ያወጣ ነበር፤ በኋለኛው ከ4 ሚሊዮን ይበልጣል። ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። ያንን ገንዘብ አስቀድመህ ማቅረብ አለብህ፣ ካልቻልክ ተራህ ያልፋል።

ሌላው ማንም የማይነግራችሁ ጉድለት ነው። ቦቴ ሲገባ ቆሞ እስኪረጋ ይጠበቃል። ከዚያ ከመሬት በታች ያለውን ታንከር በመለኪያ ዘንግ ከማራገፍ በፊትና በኋላ እንለካለን። የዘንጉ ጫፍ ላይ ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ቅባት እንቀባለን፤ ታንከሩ ሥር ውሃ ካለ እዚያው ይታያል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ልኩ ይጎድላል፣ ሌባ ሳይኖርም ይጎድላል። ቤንዚን ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲቀንስ ከሺህ አንድ እጅ ያህል ይሰበሰባል። ጅቡቲ ሙቀት ላይ ተጭኖ ደጋ ላይ 15 ዲግሪ ቀዝቅዞ ቢራገፍ ከ40 ሺህ ሊትር ውስጥ ወደ 570 ሊትር በመለኪያህ ላይ የለም። ያ ኪሳራ በማን ላይ እንደሚወድቅ ከኩባንያው ጋር በምታደርጉት ውል ውስጥ ተጽፎ ካላያችሁ እንዳትፈርሙ።

ማደያ ክፉ ሥራ ነው እያልኩ አይደለም፣ እኛን አሳድጎናል። ግን ከዚያ ግቢ ውስጥ ዛሬ ቤተሰቡን ደህና የሚያኖረው ጎማ ቤቱ፣ ዘይት ቅየራው፣ እጥበቱና ቁርስ ቤቱ ነው። ፓምፑ ሰው መጥሪያ ሆኗል።

ታላቅ ወንድሙ

ታናሼ ይህን ገጽ ስላሳየኝ እኔም ልጻፍ። የሙቀቱን ነገር ዛሬ ገና ነው የሰማሁት፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ የአዋሽ መንገድ እኮ የጅቡቲ መስመር ነው፤ ከባድ መኪና ሌት ተቀን ያልፋል። የኤሌክትሪክ መኪና ቢበዛ አውቶሞቢሉን ይተካ ይሆናል፣ ተሳቢውን በቅርብ ጊዜ አይተካም። ናፍጣ ላይ ብቻ ብናተኩርስ?

ማደያ ውስጥ ያደገ

ስለ ናፍጣው ልክ ነህ። በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ የተከለከለው በ2016 ነው፤ የጭነት መኪና ናፍጣ ግን ገና ብዙ ዘመን አለው። ነገር ግን እዚያው መስመር ላይ የትልልቆቹ ኩባንያዎች ማደያ አለ። ተሳቢ ሹፌር ሰፊ መዞሪያ፣ ማደሪያ፣ ምግብና የታመነ ልክ ይፈልጋል፤ ብዙዎቹ ደግሞ ድርጅታቸው ውል ካሰረበት ማደያ ውጪ አይቀዱም። ቦታችሁ ተሳቢ ያዞራል? መጀመሪያ እሱን ለኩ።

መቂ ሶላር

እኔ ከመቂ እስከ ባቱ ለሽንኩርትና ለቲማቲም አምራቾች የፀሐይ ውሃ ሞተር እሸጣለሁ፣ እተክላለሁ፣ እጠግናለሁ። ትልቁ ገበያ እዚህ ነው ብዬ በሙሉ ልቤ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ገበሬው ዛሬም በየወቅቱ ለውሃ ሞተሩ ነዳጅ እየገዛ ገንዘቡን ጀሪካን ውስጥ እያፈሰሰ ነው። ማደያ በጀሪካን አልቀዳም ሲለው ከመንገድ ዳር በእጥፍ ይገዛል። አሁን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1363/2017 ነዳጅን ከማደያ ውጭ መሸጥ ከባድ ቅጣት ስላለው ሻጩም ገዢውም በፍርሃት ነው የሚገበያየው። ሽንኩርት ደግሞ ውሃ በምትፈልግበት ሰሞን ነገ አጠጣሻለሁ አይባልም።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። አንድ ገበሬ በቀን 50 ሜትር ኩብ ውሃ 10 ሜትር ከፍ አድርጎ ማውጣት ቢፈልግ ለማንሣት ብቻ የሚያስፈልገው ኃይል 1.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። የሞተሩና የቧንቧው ብክነት ተጨምሮ 3.5 ገደማ በሉት። በቀን 5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ካለ 700 ዋት ፓኔል ይበቃዋል፤ እኔ ለአቧራና ለደመና ብዬ 1 ኪሎ ዋት እሰጠዋለሁ። ባትሪ የለው፣ ነዳጅ የለው። ጉድጓዱ 40 ሜትር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ፓኔሉ በአራት እጥፍ ያድጋል፣ ዋጋውም አብሮ። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው የት ድረስ እንደሚወርድ በደረቁ ወር ትለካላችሁ። በክረምት ለክተው የተከሉ ሰዎች ሞተር በግንቦት አየር ሲስብ አይቻለሁ።

ችግሩ የመነሻው ዋጋ ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ፓኔልም ኢንቨርተርም በብር ተወዷል። እኔ ያገኘሁት መላ ኪራይ ነው። ፓኔሉን በብረት ፍሬም አስሬ በጋሪ ጭኜ ከማሳ ማሳ አዞራለሁ፤ ገበሬው በሰዓት ይከፍላል። አንዳንዱ የሽንኩርቱን ገንዘብ ሲያገኝ የራሱን ይገዛል። የልማት ባንክ ከዓለም ባንክ በተገኘ ገንዘብ ለታዳሽ ኃይል አስመጪዎችና አከፋፋዮች የብድር መስመር አለው፤ ነገር ግን ለሚያስመጣ ነው እንጂ እንደ እኛ ከአስመጪ ለሚገዛ ጫኝ ብዙም የተመቸ አይደለም። እኔ የምሠራው በገበሬዎች ቁጠባና ብድር ማኅበር በኩል ነው።

የገበያውን ስም እያጠፋ ያለው አታላይ ፓኔል ነው። ጀርባው ላይ 300 ዋት ተጽፎ ግማሹን የማያወጣ ዕቃ በየሱቁ አለ። ስገዛ መለኪያዬን ይዤ እሄዳለሁ። እኩለ ቀን ላይ ፓኔሉን ወደ ፀሐይ አዙሬ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል የሚወጣውን አምፔር አነባለሁ፤ ጀርባው ላይ ከተጻፈው የአምፔር ቁጥር በጣም ከራቀ እመልሳለሁ። ሻጩ ሊያስለካኝ ካልፈቀደ ከእሱ አልገዛም። አንተ ኤሌክትሪሺያን ስለሆንክ ይህን ማድረግ ለአንተ ቀላል ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሜሪላንድ ነው ያለሁት። ከወንድሞቼ ጋር እንዲሁ አስበን ነበርና ስለ ሕጉ አንድ ነገር ልጨምር። በ2012 በወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነ የውጭ ዜጋ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠር ይችላል። አስመጪነት ለውጭ ባለሀብት ሲከፈትም ነዳጅና ማዳበሪያ ተለይተው ቀርተዋል። ስለዚህ ነዳጅ አስመጣለሁ ብሎ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ቀድማችሁ ንገሩት።

ይልቅ የእኔ ጥያቄ ይሄ ነው፦ ብር ልላክ ወይስ ዕቃ? እዚህ ያገለገለ የመለኪያ መሣሪያ፣ ጥሩ ጓንት፣ ጥሩ መፍቻ በርካሽ ይገኛል።

ጋራዥ ጎተራ

ዕቃ ላኩ! በተለይ ለከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሆን የጎማ ጓንትና ኢንሱሌትድ (እጀታው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ) መፍቻ። እኛ ጋራዥ ውስጥ ከማንኛውም ነገር በላይ የቸገረን እሱ ነው።

አሁን ለአዳማው ወንድማችን። እኔ በቤንዚን መኪና ጥገና አድጌ ወደ ኤሌክትሪክ የዞርኩ መካኒክ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ የምታዩት ቢዋይዲ፣ ቮልስዋገን አይዲ፣ ቶዮታ ቢዚ ብዙው ከቻይና ገበያ በቀጥታ የመጣ ነው። የቻርጅ መቀበያው በቻይና ስታንዳርድ ነው፣ የውስጥ ሶፍትዌሩ በቻይንኛ ነው፣ አስመጪው ከሸጠ በኋላ ስልክ የማያነሣ ብዙ አለ። መንግሥት ቀረጡን ሲያቀልል በክፍልፋይ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠም ሙሉ በሙሉ ነፃ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ተገጣጥሞ ለሚመጣ 15 በመቶ አድርጎት ነበር፤ ተጨማሪ እሴት ታክስና ኤክሳይዝም ተነሥቶለት ነበር። መኪናው ስለዚህ ገባ። ጠጋኙ ግን አብሮት አልገባም።

ኤሌክትሪሺያን ለሆነ ሰው ክፍተቱ መኪናው ውስጥ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ነው። መኪና የገዛ ሰው ሁሉ ቤቱ ቻርጀር ያስገጥማል። 7 ኪሎ ዋት የሚባለው የቤት ቻርጀር 32 አምፔር ይስባል። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ብቻውን ወደ 17 አምፔር ነው። ሁለቱ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቆጣሪ፣ ከ20 ዓመት በፊት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን አንተ ታውቀዋለህ። የቀለጠ ሶኬት በየጊዜው ይመጣልኛል። ሰው ለመኪናው ሚሊዮኖች ከፍሎ ቻርጀሩን አምፖል ለሚቀይር ልጅ ይሰጠዋል፤ ያ ልጅ ኧርዝ (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) ሳያወርድ፣ ለብቻው ብሬከር ሳያደርግ፣ የምድጃ ሶኬት ላይ ቀጥሎለት ይሄዳል። አዝናለሁ፣ በጣም አዝናለሁ፤ ቤት ውስጥ ልጆች አሉ።

ትክክለኛው አሠራር ከቆጣሪው ራሱን ችሎ የሚወጣ መስመር፣ ቢያንስ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ (ርቀቱ ከበዛ 10)፣ 40 አምፔር ብሬከር፣ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲኖር የሚቆርጥ መከላከያና የተለካ ኧርዝ ነው። ይህን በንጽሕና ሠርቶ ወረቀት ላይ ጽፎ የሚሰጥ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ በጣት የሚቆጠር ነው። ካፒታሉ መሣሪያና ሞተር ሳይክል ነው።

ታላቅ ወንድሙ

ታዲያ ቦታችን ላይ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ብናቆምስ? የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ 5150 ሜጋ ዋት ነው። መብራት ሞልቷል ማለት ነው።

ጋራዥ ጎተራ

ወንድም ጋሼ፣ ግድቡ ላይ ያለው ኃይል መንገድ ዳር ቦታችሁ ድረስ በራሱ አይመጣም። 60 ኪሎ ዋት የሚሰጥ አንድ ፈጣን ቻርጀር የራሱን ትራንስፎርመር ይፈልጋል። የትራንስፎርመሩን፣ የምሰሶውን፣ የሽቦውን ወጪ አብዛኛውን ጊዜ የምትሸፍኑት እናንተ ናችሁ፤ ወረፋውም አለ። ደንበኛውንም አስቡት። ከአዲስ አበባ አዳማ ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ማታ ቤቱ ሞልቶ የወጣ ሰው አዳማ ላይ አይቆምም። የሚቆመው ድሬዳዋ የሚሄደው ነው፣ እሱ ደግሞ ገና ጥቂት ነው። ቦታውን ያዙት፣ ማመልከቻውን ከአሁኑ አስገቡ፣ ገንዘባችሁን ግን እዚያ ላይ አትቅበሩ።

ምጣድ ሠሪ መርካቶ

ስለ ምጣድ ስለተነሣ ልግባ። ሁሉም ስለ መኪና ያወራል፤ ኤሌክትሪክ ካለበት ቤት ውስጥ ትልቁን ኃይል የሚበላው ግን ምጣድ ነው። ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ነው። አንድ ቤት ለሳምንቱ ሲጋግር ማሞቂያውን ጨምሮ አንድ ሰዓት ተኩል ቢቆይ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ታሪፉ ደግሞ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ እንዲሄድ ተወስኗል። እናቶች ይህን ከማንም በፊት ቆጥረውታል፤ «የማይበላ ምጣድ የለህም ወይ?» ብለው ይገባሉ።

የምንሠራው እንዲህ ነው። ሸክላውን ከሸክላ ሠሪዎች እንገዛለን፣ በሆዱ በኩል ዙሪያውን ቦይ እናወጣለን፣ የምጣዱን ሽቦ ቦዩ ውስጥ እናስተኛለን፣ በጀሶ እንሸፍናለን፣ ከዚያ ቆርቆሮ ውስጥ እናስቀምጣለን። ችግሩ ሁለት ቦታ ላይ ነው። ሸክላው ሲወፍር ሙቀቱን ይይዛል፣ እስኪግል ግን ብዙ መብራት ይበላል፤ ሲሳሳ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው ሆዱ ነው። ብዙው ምጣድ ከጀሶው በታች ባዶ ቆርቆሮ ነው፤ እጅህን ከሥር ብታስጠጋ ያቃጥልሃል። ያ ሙቀት እንጀራው ላይ መሆን ነበረበት። እኔ ከሥር ሙቀት የማያስተላልፍ የብርጭቆ ጥጥ አስገብቼ፣ ክዳኑንም ድርብ አድርጌ እሸጣለሁ፤ ደንበኞቼ ልዩነቱን በካርዳቸው ያዩታል። አሮጌውን ምጣድ ይዘው መጥተውም አስቀይረው ይሄዳሉ። ሥራው የሸክላ ዕውቀትና የኤሌክትሪክ ዕውቀት የተገናኙበት ነው፣ ዲግሪ ያለው ሰው ግን ዞር ብሎ አያየውም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ስለ ምጣድ የሠሩት ጥናት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እኛ አሁንም ውፍረቱን በጣታችን እንለካለን። ይህ ያንገበግበኛል። መሐንዲስ የሆነ ልጅ አጠገቤ ቢቀመጥ ከአንድ ክረምት በኋላ የምንሠራው ምጣድ ሌላ ይሆናል።

እማማ ምድጃ፣ ደብረ ብርሃን

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ቆጣሪ ስላለው ሰው ነው የምታወሩት። ገጠሩ አሁንም በእንጨትና በኩበት ነው። እኛ ሴቶች ተደራጅተን «ምርጥ» የሚባለውን የእንጀራ መጋገሪያ ምድጃ እናመርታለን። ሲሚንቶና ፑሚስ የሚባለው ቀላል አሸዋ ነው። በብረት ቅርጽ እየደለደልን ስድስት ክፍል እናወጣለን፤ አራቱ ዙሪያውን ይከብባሉ፣ ሁለቱ ከኋላ ለድስቱና ለጭሱ ናቸው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር እንጨቱን ወደ ግማሽ ያወርደዋል፣ ጭሱም ፊት ላይ አይወጣም።

ለሚጀምር ሰው የምነግረው ውሃ ስለማጠጣት ነው። ከቅርጹ ከወጣ በኋላ ጥላ ውስጥ ሆኖ ለቀናት ጠዋት ማታ ውሃ መጠጣት አለበት። ገዢ መጥቷል ተብሎ ሳይጠጣ የተሸጠ ምድጃ መጀመሪያ እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል፣ የገዛችው ሴትም ጎረቤቶቿን ሁሉ ታስቀራለች። መጓጓዣውም ነገር ነው፤ ከባድ ነው፣ በጋማ ከብት ሲጫን ይሰበራል። ስለዚህ ማምረቻው ገበያው አጠገብ ይሁን። እናንተ አዳማ አካባቢ ፑሚስ እንደ ልብ አላችሁ፣ እኛ ገና እናስመጣለን።

አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ፕሮጀክት መጥቶ ብዙ ምድጃ ከእኛ ገዝቶ በነፃ አደለ። በዚያ ዓመት ደስ አለን። ከዚያ ሄደ፤ ሰዉ ግን «በነፃ ይመጣል» እያለ ሁለት ዓመት መግዛት አቆመ። አምስት ልጆች የምታሳድግ አባላችን ሥራውን ትታ ሄደች። እርዳታ መልካም ነው፣ ግን የሚሸጠውን ሰው ገበያ እየገደለ መሆን የለበትም። አሁን የምንሸጠው ለትምህርት ቤት ምገባ፣ ለጠላና ለአረቄ ቤቶች፣ እንጀራ ጋግረው ለሚያከፋፍሉ ሴቶች ነው። እነሱ በየቀኑ እንጨት ስለሚገዙ ትርፉን በሳምንቱ ያዩታል።

የአዳማው ኤሌክትሪሺያን

እማማ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ፑሚሱ እውነት ነው፣ ከቤታችን ጀርባ ሳይቀር ይቆፈራል። ቅርጹን የሚሠራ ብረት ሠራተኛ እናንተ ጋ አለ ወይስ ከአዲስ አበባ ነው ያመጣችሁት?

እማማ ምድጃ፣ ደብረ ብርሃን

እዚሁ ነው ያሠራነው ልጄ። ግን ልኩን ከሚያውቅ ይሁን። ቅርጹ በትንሽ ከተዛባ ክፍሎቹ አይገጥሙም፣ በስንጥቁ ጭስ ይወጣል። ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነውን አሠሩ፣ የድሮው 6 ነበር፣ ከባድ ነው ሲሚንቶም ይበላል።

ጅማ ከሰል

አጭር ጽሑፍ፦ ከቡና ገለባ ከሰል እንሠራለን። ገለባውን በርሜል ውስጥ አየር አሳጥተን እናከስላለን፣ በሞላሰስ ወይም በጭቃ እናያይዛለን፣ በማሽን እንጨምቃለን፣ እናደርቃለን። ገለባው በርካሽ ነው። የሚገድለን ክረምት ነው፤ ሳይደርቅ የተሸጠ ይጨሳል። ከዚያም ዋጋው ላይ ከደን ተቆርጦ በማዳበሪያ ከረጢት ከሚመጣው ከሰል ጋር ነው የምንፎካከረው፤ ያ ከሰል ለዛፉ የከፈለው የለም። ለቤት ከመሸጥ ለሆቴልና ለሥጋ ቤት መሸጥ ይሻላል፤ እነሱ ረጅም ጊዜ የሚቆይ እሳት ይፈልጋሉ፣ በኪሎም ይገዛሉ። ማድረቂያ ቤት ሳይሠራ ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ሐምሌ ላይ ይዘጋል።

ፈቃድ ጉዳይ

ስለ ወረቀት ተጠይቆ መልስ አላየሁም። የኤሌክትሪክ ዝርጋታ በንግድ ደረጃ ለመሥራት የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ ይሰጣል፤ ለባለሙያም ለተቋራጭም ደረጃ አለው። መጀመሪያ እሱ፣ ከዚያ ንግድ ፈቃድ። ይህ ወረቀት ከሌለህ ከግለሰብ ቤት ውጪ ሥራ አታገኝም፤ ሆቴልና ሪል እስቴት ወረቀትህን ሳያይ ውል አይፈርምም። ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያም ማደያም የሚቆጣጠረው ይኸው ባለሥልጣን ነው። ሶላር መግጠም ብቻ ከሆነም ሰውየው ዕቃው ስታንዳርድ ያለፈ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ከአስመጪው ይጠይቅ፣ ፎቶውን ያስቀምጥ። ብልሽት ሲመጣ የሚከሰሰው ፊት ለፊት ያለው ሰው ነው።

ሌላው፣ ወንድማማቾች ስለሆናችሁ በቃል አትነሡ። ቦታው የጋራ ውርስ ከሆነ ሌሎች ወራሾች መኖራቸውን አረጋግጡ፤ ባንክ ያን ሳይጠራ አያበድርም፣ ኋላም ቤተሰብ የሚያጣላው እሱ ነው።

መቂ ሶላር

የፈቃዱ ሰው ያለው ልክ ነው። እኔ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ከጻፍነው ሁሉ ውስጥ ደንበኛ የሚመልሰው ዕቃው ሲበላሽ የሚመጣ ሰው መኖሩ ነው። ገበሬው ሞተሩ በሽንኩርት ወቅት ቢቆምበት እኔ በማግሥቱ ካልደረስኩ ሰብሉ ይሄዳል፣ ሌላ ጊዜም ለማንም ሶላር ግዛ አይልም። መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ማስቀመጥ ገንዘብ ያስራል፣ ቢሆንም ከሽያጩ ሩቡን ለመለዋወጫ እመድባለሁ። ከተማ ካሉ ትልልቅ ሻጮች የሚለየኝ ይኸው ነው፤ እነሱ እስከዚህ አይመጡም።

ታላቅ ወንድሙ

ሁላችሁንም አነበብኩ። ማታ ከታናሼ ጋር ቁጭ ብለን አሰላን። በማደያው ግንባታና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቦቴዎች ብቻ ያለንም የምንበደረውም ያልቃል፤ ስለዚህ ማደያውን ትተነዋል። ቦታው ላይ ጎማ ቤትና ዘይት ቅየራ እኔ እጀምራለሁ፣ ተሳቢ እንደሚያዞር ለክቻለሁ። ጥግ ላይ የእማማን ምድጃ ማምረቻ ብናደርግ እህታችን ትይዘዋለች፣ ሥራ ፈልጋ ነበር። ታናሼ የቻርጀሩንና የሶላሩን ጥገና ይያዝ። ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል።

የአዳማው ኤሌክትሪሺያን

ወንድም ጋሼ እንዳለው ነው። የብቃት ማረጋገጫውን ማመልከቻ በዚህ ሳምንት አስገባለሁ። ፋብሪካውን እስከ መጋቢት አልለቅም፣ ቅዳሜና እሑድ እየሠራሁ ደንበኛ ልያዝ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ኧርዝ ሲለካ ስንት ኦም ድረስ ትቀበላላችሁ? የአዳማ መሬት አሸዋማና ደረቅ ስለሆነ አንድ ዘንግ ብቻ ቀብሬ ጥሩ ቁጥር አግኝቼ አላውቅም።

ጋራዥ ጎተራ

እኔ ለቻርጀር ከ10 ኦም በታች ካልሆነ አላበራም። አሸዋ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዘንግ ከዘንጉ ርዝመት ባላነሰ ርቀት ቅበርና በባዶ መዳብ ሽቦ አያይዛቸው። ጨውና ከሰል የሚጨምሩ አሉ፤ ጨው ለጊዜው ቁጥሩን ያወርደዋል፣ ዘንጉን ግን ይበላዋል፣ በየዓመቱም ይታጠባል። ቤንቶናይት (እርጥበት የሚይዝ የሸክላ ዱቄት) ካገኘህ እሱ ይሻላል። በደረቁ ወር ለካ እንጂ ዝናብ ማግሥት አትለካ። የሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድማችን፣ ኧርዝ መለኪያና ሁለት ጥንድ ጓንት ካገኘህ አንዱን ለአዳማ ላክለት፤ ዋጋውን እኔ ጋ በብር ይከፍላል። አንተ ደግሞ ቅዳሜ ጎተራ ና፣ ሁለት ቤት የምገጥመው ቻርጀር አለኝ፣ አብረን እንሠራለን።